ፖም ብቻውን አያፈራም

እንጦጦ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ባሕር ዛፍን ነው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ማገዶውም የቤት ማገሩም ከእርሱ ሲገኝ ኖሯል። ነገር ግን ከፍታውና ብርዱ ለፖም ዛፍም የሚመች ነው። ለዚህ ምስክራችን በጋሞ ደጋ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው ጨንቻ ናት። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሚስዮናውያን ችግኙን ወደዚያ አመጡ፤ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያንም አባዝታ ለገበሬው አዳረሰች። ዛሬ በዚያ ብዙ ቤተሰብ ከፍሬውም ከችግኙም ሽያጭ ይጠቀማል።

እኛ በእንጦጦ ሥር ይህን ሥራ ስንጀምር የሠራነውን ስሕተት ሌላው እንዳይደግመው እንገልጻለን። የችግኙ ዋጋ ከባድ ስለሆነ ለየቤቱ አንድ አንድ ማደል ትክክል መሰለን። የታደለውም ሁሉ አና የተባለው ዝርያ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ዛፎቹ አምረው አበቡ፤ ሆኖም አበባው ረገፈና የቀረው ፍሬ በጣት የሚቆጠር ሆነ። እናቶች፣ «ባሕር ዛፍ ብንተክልበት ኖሮ እኮ ይህን ጊዜ እንጨት እንሸጥ ነበር» ሲሉን መልስ አልነበረንም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፖም አበባ በራሱ ዝርያ ብናኝ በሚገባ አያፈራም፤ ንብ ከሌላ ዝርያ ልታመጣለት ይገባል። ለአና ተስማሚው ዶርሴት ጎልደን ነው። ሁለቱም ብዙ ብርድ አይጠይቁም፤ የሚያብቡትም በተቀራረበ ጊዜ ነው። ሁለት ችግኝ መግዛት የማይችል ቤት ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ፣ አንዱ አናን ሌላው ዶርሴት ጎልደንን ይትከል። ንብ እንደሆነች አጥር አታውቅም። ቀድሞ ብቻውን በተተከለው ዛፍ ላይ ደግሞ የሌላውን ዝርያ ቅርንጫፍ ማዳቀል ይቻላል፤ ወጪው ትንሽ ነው።

ተከላው በክረምት መግቢያ ይሁን። ጉድጓዱ በየጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ፣ የላይኛው አፈር ለብቻ ተቀምጦ ከበሰለ ፍግ ጋር ተደባልቆ ይመለስ። ችግኙ የተዳቀለበት ቁስል ከአፈር በላይ መቅረት አለበት፤ ከተቀበረ የላይኛው ዝርያ የራሱን ሥር ያወጣል፤ ዛፉም ከሚፈለገው በላይ ይገዝፋል። ባሕር ዛፍ ውኃውን ስለሚሻማ ከእርሱ ራቅ አድርጎ መትከል ያስፈልጋል። ከተበላ ፖም የወጣ ዘር መትከል ትርፉ ድካም ነው፤ እናቱን የሚመስል ፍሬ አይሰጥም።

በመጀመሪያው ዓመት የሚወጣውን አበባ ሳይራሩ ማንሣት ነው፤ ጉልበቱ ወደ ሥሩ ይሂድ። በኋላ ደግሞ ከአንድ እቅፍ አንድ ፍሬ ቢተው የቀረው ያድጋል። እንጦጦ ብትበርድም በአውሮፓ እንዳለው ወራት የሚዘልቅ ብርድ ስለሌላት፣ ዛፉ ቅጠሉን በራሱ አጥርቶ አያራግፍም። ስለዚህ የጨንቻ ገበሬዎች እንደሚያደርጉት፣ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉን በእጅ ማራገፍ ቀጣዩ አበባ በአንድነት እንዲፈነዳ ይረዳል። በአበባ ጊዜ ፀረ ተባይ መርጨት ንቦቹን መግደል ነው።

በፕሮጀክት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ችግኝ ከመቀበላችሁ በፊት የዝርያውን ስም ጠይቁ፤ በየቤቱ የተተከለውንም በመዝገብ ጻፉ።