ኬክ ከስልክ ስንማር፦ ቪዲዮው የማያሳየን ነገር



እኔ የምሠራው ሸይኽ ዛይድ ነው። ይህች ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ከካይሮ በስተምዕራብ በበረሃው ላይ የተቆረቆረች ናት። ከኮምፓውንድ ወጥቶ መሀል ካይሮ ድረስ ሄዶ ኮርስ ለመማር መንገዱ ሩቅ ነው። የዕረፍት ቀናችንም ቢበዛ በሳምንት አንድ ነው፤ እሱንም የማታገኝ እህት አለች። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን ስልካችን ሆኗል። እኔም ኬክ መጋገርና ማስጌጥ የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው።

ቪዲዮ የባለሙያዋን እጅ በደንብ ያሳያል። ሚዛኑን፣ እሳቱንና አገሩን ግን አያሳይም። አገራችን ስንገባ በዚህ ሙያ እንጀራ ለመብላት የምናስብ ከሆነ እነዚህን ሦስቱን ራሳችን መሙላት አለብን።

ከሚገባችሁ ቋንቋ ጀምሩ

በአማርኛ የሚያስተምሩ ቻናሎች አሉ። ግን የግብፆቹንም አትለፏቸው፤ ለምሳሌ ሲቢሲ ሶፍራ የተባለው የምግብ ቻናል ብዙ ቪዲዮ አለው። የማድ ቤት ዐረብኛ ደግሞ በሥራችን የምንሰማው ነው፦ ዲኢእ ዱቄት፣ ቤድ እንቁላል፣ ዚብዳ ቅቤ፣ ኑስ ግማሽ፣ ሮብዕ ሩብ። የሚጠቅሱትንም ዕቃ እዚሁ ሱቅ ታገኙታላችሁ። ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ መጀመሪያ ሳትሠሩ እስከ መጨረሻው እዩት፤ ከዚያ እያቆማችሁ ጻፉ።

ሚዛን

ግብፃዊቷ «ኮባያ» ስትል የሻይ ብርጭቆ ልትሆን ትችላለች፤ የአሜሪካኖቹ ኩባያ ደግሞ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንድ ኩባያ ዱቄት ቀለል ተደርጎ ሲሞላ 125 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ተጠቅጥቆ ከተሞላ ግን ብዙ ይጨምራል። ኬኩ አንድ ቀን ለስላሳ፣ ሌላ ቀን ደረቅ የሚሆነው በዚህ ነው። ትንሽ የማድ ቤት ሚዛን ካገኛችሁ በግራም ሥሩ።

ለቶርታ የሚሆነውን ስፖንጅ ለማስታወስ ቀላል ነው፦ ለአንድ እንቁላል 30 ግራም ስኳርና 30 ግራም ዱቄት። ለ4 እንቁላል 120 ግራም ስኳር፣ 120 ግራም ዱቄት ማለት ነው። እንቁላሉና ስኳሩ ነጣ ብሎ እስኪወፍር ይመታል፤ የተነፋው ዱቄት በቀስታ ይታጠፍበታል። ቤኪንግ ፓውደር አያስፈልገውም፤ የሚያነሣው እንቁላሉ የያዘው አየር ነው። ዱቄት ከገባ በኋላ በኃይል ማማሰል አየሩን ያስወጣዋል።

እሳት

የአሜሪካ ቪዲዮ «350» ካለ ፋራናይት ነው፤ በሴንቲግሬድ 180 ገደማ ነው። የጋዝ ኦቨን ብዙ ጊዜ ከሥር ስለሚያነድ የኬኩ ሥር ቶሎ ያራል። ኦቨኑን አስቀድሞ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ማሞቅ፣ ትሪውን መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ማድረግ፣ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በሩን አለመክፈት ይጠቅማል። ቪዲዮው «30 ደቂቃ» ያለው ስለ ራሱ ኦቨን ነው። የእናንተን የሚነግራችሁ የጥርስ እንጨት ነው፦ መሀሉን ወግቶ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ደርሷል።

ማስጌጥ

እጅ የሚፈታው በመደጋገም ነው፤ ለመለማመድ ግን ክሬም ማባከን አያስፈልግም። ድንች ቀቅላችሁ አልሙና በክሬም መጭመቂያ ከረጢት ውስጥ አድርጉ። በተገለበጠ ትሪ ላይ አበባውንና ጠርዙን ሥሩ፤ ፍቃችሁ እንደገና ሙሉት። እውነተኛውን ኬክ ስትሠሩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ክሬም አትቀቡት። መጀመሪያ ስስ አድርጋችሁ ቀብታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ ፍርፋሪው ይያዝና ሁለተኛው ቅብ ንጹሕ ይወጣል። በግብፅ በጋ ሻንቲ ቶሎ ስለሚቀልጥ ሳህኑንም ወተቱንም አቀዝቅዛችሁ ምቱ።

በምትሠሩበት ቤት ከሆነ ማዳምን አስፈቅዱ። የልጆች ልደት ሲደርስ «ኬኩን እኔ ልሥራ» ማለት ጥሩ መጀመሪያ ነው። ሳታስፈቅዱ በቤቱ ዕቃ ሠርቶ ለሌላ መሸጥ ግን ጠብ ያመጣል።

አገር

ይህን የሚነግራችሁ ቪዲዮ ጥቂት ነው። ካይሮ ዝቅተኛ ስፍራ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች። እዚያ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ የኬኩ አየር ቶሎ ይነፋል፤ ሊጡ ሳይበስል ያብጥና መሀሉ ይሰምጣል። እዚህ አምሮ የወጣው ኬክ አዲስ አበባ ላይ ቢወድቅ ሙያው ጠፍቶባችሁ አይደለም። ከዚህ ጀምራችሁ ሞክሩ፦

— ከአንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ቀንሱ።
— ከ200 ግራም ስኳር ከ15 እስከ 35 ግራም ቀንሱ።
— በአንድ ኩባያ ወተት ወይም ውሃ ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ።
— የኦቨኑን ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ ከፍ አድርጉ።
— ለስፖንጅ እንቁላሉን ከዚህኛው ትንሽ አሳንሳችሁ ምቱ።

የጾም ኬክንም ተማሩ። ግብፆች የጾም ምግብን «ሲያሚ» ይሉታል፤ «ኬክ ሲያሚ» ብላችሁ ፈልጉ። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የለውም፤ ቤኪንግ ሶዳና ኮምጣጤ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ያነሣዋል። ጾም በሚበዛበት አገራችን ይህን አሳምሮ የሚሠራ ደንበኛ አያጣም።

ደብተር ይኑራችሁ

ቪዲዮ ሊጠፋ፣ ስልክም ሊሰበር ይችላል። ለእያንዳንዱ ኬክ ቀኑን፣ ግራሙን፣ ደቂቃውን፣ የዕቃውን ዋጋና የበሉት ሰዎች ያሉትን ጻፉ፤ ፎቶም አንሡ። ዋጋውን መጻፍ ነገ ስንት እንደምትሸጡ ያስተምራችኋል። አገራችን ደግሞ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ ሙያውን ከትምህርት ቤት ውጭ በልምድ ያገኘ ሰውም ሊመዘን ይችላል። መዛኙ የሚያየው በእጃችሁ የምትሠሩትን ነው። በቪዲዮ ያየነው የእኛ የሚሆነው ስልኩ ተዘግቶ ከደብተራችን ብቻ ስንሠራው ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ኬክ ምረጡ፤ ያንኑ ሦስት ጊዜ ሥሩትና ጻፉት።