እጣው ላልደረሳቸው እናቶች ምን ተደረገ?

«እርዳታን በእጣ ማደል ነውር ነው» ትለኛለች አንዲት ወዳጄ። እጣ ሲባል የኮንዶሚኒየም ነገር ትዝ ይለናልና አልፈርድባትም። እኔ ግን እጣውን እደግፋለሁ፤ ጥያቄዬ አነባበቡ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ወጣት እናትን፣ ነርስ ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ቤቷ ድረስ እየሄደች የምትረዳበት አገልግሎት አለ። አሜሪካ ውስጥ በኤልማይራ፣ በሜምፊስና በዴንቨር በእጣ ተፈትኖ ጥሩ ውጤት አሳየ። እንግሊዝ ወሰደችውና ከ1,600 በሚበልጡ ወጣት እናቶች ላይ እንደገና ፈተነችው። በእርግዝና ጊዜ ማጨስ፣ የሕፃኑ ክብደት፣ ቶሎ ደግሞ ማርገዝ፣ ልጅን ለድንገተኛ ሕክምና ሆስፒታል መውሰድ፦ በአንዱም ለውጥ አልታየም።

ታዲያ ነርሶቹ ከንቱ ለፉ? አይመስለኝም። እጣው ያልደረሳቸውም እኮ ባዶ እጃቸውን አልቀሩም፤ እንግሊዝ ውስጥ አዋላጅም ቤት ለቤት የምትሄድ የጤና ባለሙያም በነጻ አለች። የተወዳደረው ነርስና ምንም ሳይሆን ነርስና ሌላ ነርስ ነው።

ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ መዝገባቸው ታየ። ነርሷ የጎበኘቻቸው በመጠኑ ልቀው ተገኙ። ይህንንም ያወቅነው በዚያው እጣ ነው። ግን ጥቂት የማይባሉ የአካባቢ አስተዳደሮች እስከዚያ አልጠበቁም፤ አገልግሎቱን ዘግተውት ነበር።