ተክሉም ይኑር፣ መስኮቱም ይከፈት

የአየር ብክለት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የመኪና ጭስ ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ሰዓት የምናሳልፈው ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ የቤታችንን አየር ላነሳ ወደድኩ።

አዲስ የቺፕውድ ቁም ሣጥን ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ አለው አይደል? ከዚያ ውስጥ አንዱ ፎርማልዲሃይድ የተባለ ጋዝ ነው። እንጨቱን ካጣበቀው ሙጫ ለወራት ቀስ እያለ ይወጣል። ቤንዝን የተባለው ኬሚካል ደግሞ ከነዳጅና ከሲጋራ ጭስ ይመጣል። ሁለቱም ካንሰር አምጪ መሆናቸው ተረጋግጧል። ቀለም፣ ቫርኒሽና ቲነርም የየራሳቸውን ትነት ይጨምራሉ።

"ታዲያ ተክል ማስቀመጥ ነዋ!" የሚል አይጠፋም። ሐሳቡ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1989 የናሳው ተመራማሪ ቢል ዎልቨርተን ካወጣው ጥናት በኋላ ነው። እንደ ሳንሴቪዬሪያ ያሉ ተክሎችን በዝግ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ኬሚካል ሲጨምርበት፣ የኬሚካሉ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ ቀነሰ። ሥራውን የሠራው ቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ ሥሩና አፈሩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያንም ጭምር ናቸው።

ችግሩ ግን ቤታችን ዝግ ሣጥን አለመሆኑ ነው። አየር በበርና በመስኮት ይገባል፣ ይወጣል፤ ኬሚካሉንም ከተክሉ በጣም ፈጥኖ ይዞት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲዎቹ ከሚንግስና ዋሪንግ የቀድሞ ሙከራዎችን ሰብስበው አሰሉ። የአንድን ሕንፃ የተለመደ የአየር ልውውጥ ለመተካት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል። የእኔ ክፍል 3 በ4 ሜትር ናት። በትንሹ ግምት እንኳ 120 ተክል መሆኑ ነው፤ አልጋዬን የት ላደርገው?

እኔን የሚያሳስበኝ ተክሉን ተማምነን መስኮት መዝጋታችን ነው። "ብርድ ይመታናል" ብለን ዘግተን፣ የከሰል ምድጃ አስገብተን የምንተኛ አለን። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ከዚህ የሚያድን ተክል የለም።

ስለዚህ ከሰሉ ውጭ ይቅር። ቀለም ስንቀባም ሆነ አዲስ ዕቃ ስናስገባ መስኮቱን እንክፈት። በረኪናንም ከአሲድ ጋር አንቀላቅል፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል። ተክሉስ? ለዓይንም ለመንፈስም ደስ ይላልና ይኑር፤ ግን የመስኮቱን ሥራ አንስጠው።