ማጣሪያው የሚለየው በቀዳዳው ብቻ አይደለም

ከመተሐራና ከወንጂ አንሥቶ እስከ ዝዋይና ሐዋሳ አካባቢ፣ በስምጥ ሸለቆ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ብዙ ጊዜ ለዓይን ጥርት ያለ ነው። ሆኖም ጥርስ ያበልዛል፤ መጠኑ ሲበዛና ለዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ያጎብጣል። ምክንያቱ ከእሳተ ገሞራ ዐለት እየሟሟ ወደ ውሃው የሚገባው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በሸለቆው ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ የያዙ ጉድጓዶች አሉ። ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው እየጠነከረ ይሄዳልና። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ሆኖ ስሙ የሚነሣው ናኖፊልትሬሽን የተባለው የማጣሪያ ሜምብሬን ነው። ስለ እርሱ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ወንፊትን ነው፤ ቀዳዳው ከጠበበ ክፉው ነገር ይቀራል፣ ውሃው ያልፋል። ይህ አስተሳሰብ ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ይዞ ማጣሪያ የሚገዛ ሰው ደግሞ የማይሠራ ዕቃ ሊገዛ ይችላል።

ሜምብሬኑ ሦስት ንብርብር አለው፤ ከታች የፖሊስተር ጨርቅ፣ ከዚያ ቀዳዳ የበዛበት የፖሊሰልፎን ንብርብር፣ ከላይ ደግሞ ዋናውን ሥራ የሚሠራ ስስ የፖሊአሚድ ገለፈት። የገለፈቱ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ናኖሜትር አይበልጥም። የሚሠራው እንዲህ ነው። ፖሊሰልፎኑ ፒፐራዚን የተባለ ኬሚካል የሟሟበት ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ትራይሜሶይል ክሎራይድ የሟሟበት ሄክሴን ይፈስበታል። ሁለቱ ፈሳሾች ስለማይደባለቁ ኬሚካሎቹ የሚዋሐዱት በሚነካኩበት ወለል ላይ ብቻ ነው፤ ገለፈቱ ይህን ያህል የሚሳሳውም በዚህ ምክንያት ነው። ለጉዳያችን ትልቁ ነገር ግን ሳይዋሐድ የሚቀረው ክፍል ነው። ትራይሜሶይል ክሎራይድ ሦስት ማያያዣ አለው። አንዱ ማያያዣ አጋር ሳያገኝ ሲቀር ውሃ ይነካውና ወደ ካርቦክሲሊክ አሲድ ይለወጣል፤ አሲዱም በተለመደ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ፕሮቶኑን ለቆ ገለፈቱን አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያስይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ኬሚስት ጆን ካዶት የሠራቸው የፒፐራዚን ገለፈቶች ማግኒዥየም ሰልፌትን አጥብቀው ሲይዙ የገበታ ጨውን በከፊል ያሳልፉ ነበር። ሰልፌት ከክሎራይድ በመጠን ይበልጣል፤ ልዩነቱን ያሰፋው ግን ሁለት አሉታዊ ሙል መያዙ ነው፤ ራሱ አሉታዊ የሆነ ገለፈት እርሱን አብልጦ ይገፋዋል።

ቀዳዳ ብቻውን እንደማይወስን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ራሱ ፍሎራይድ ነው። የፍሎራይድ አዮን ከክሎራይድ አዮን ያንሳል፤ ነገሩ የወንፊት ቢሆን ኖሮ ፍሎራይድ ቀድሞ ባለፈ ነበር። በናኖፊልትሬሽን የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ፍሎራይድ፣ የሚያልፈው ክሎራይድ ነው። ፍሎራይድ ትንሽ በመሆኑ የኤሌክትሪክ ሙሉ በጠባብ ቦታ ተከማችቶ የውሃ ሞለኪውሎችን አጥብቆ ወደ ራሱ ይስባል። በውሃ የተከበበው ፍሎራይድ በውሃ ከተከበበው ክሎራይድ ይገዝፋል፤ ወደ ጠባቡ ቀዳዳ ለመግባት ከዚያ ውሃ ከፊሉን መልቀቅ አለበት፤ ያ ደግሞ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። አርሴኒክ የተባለው መርዝም ቀዳዳ ብቻውን እንደማይወስን ይመሰክራል። በተለመደ የመጠጥ ውሃ ውስጥ አርሴኔት የተባለው ዓይነቱ አሉታዊ ሙል አለው፤ ስለዚህ በደንብ ይያዛል። አርሴናይት ግን ሙል የለውም፤ ብዙው ሾልኮ ያልፋል። ሁለቱም ያው አርሴኒክ ናቸው፤ ያገኛቸውም ያው ማጣሪያ ነው።

የቀዳዳው መጠን ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ከፓሪስ በስተሰሜን ያለውና እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ የጀመረው የሜሪ ሱር ዋዝ የውሃ ጣቢያ በቀን 140 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ በናኖፊልትሬሽን ያጣራል። ከሚይዛቸው አንዱ አትራዚን የተባለው የአረም ማጥፊያ ነው፤ አትራዚን በዚያ ውሃ ውስጥ ሙል የለውም፣ ስለዚህ የሚያስቆመው በዋናነት የሞለኪውሉ ግዝፈት ነው። ነገር ግን የጣቢያው ሜምብሬን የተመረጠው አትራዚንን እያስቀረ ካልሲየምን በመጠኑ እንዲያሳልፍ ነው። ቀዳዳን በማጥበብ ብቻ ይህ አይገኝም። የቀዳዳው ስፋት ራሱም ቢሆን የሚወሰነው የገለፈቱ ፖሊመር ተጠላልፎ በተሳሰረበት መጠን ነው፤ እርሱም ኬሚስትሪ ነው።

ያው ሜምብሬን በሁለት ጉድጓዶች ሁለት ዓይነት ውጤት የሚሰጠውም በዚህ የተነሣ ነው። ውሃው አሲዳማ ሲሆን ካርቦክሲሊክ አሲዱ ፕሮቶኑን መልሶ ይይዛል፣ የገለፈቱ አሉታዊ ሙል ይዳከማል፣ ፍሎራይድም ያልፋል። የስምጥ ሸለቆው ውሃ አብዛኛው አልካላይን በመሆኑ በዚህ በኩል ይጠቅመናል፤ ካልሲየሙ ማነሱም በካልሲየም የሚመጣውን የሜምብሬን መደፈን ይቀንሳል። በሌላ በኩል በሶዲየም ባይካርቦኔት የበለጸገ ነው፤ የተሟሟው ጨው ሲበዛ ደግሞ የገለፈቱን ሙል ይሸፍነዋል፣ መገፋቱም ይቀንሳል። ለጀርም መግደያ የሚጨመረው ክሎሪንም መታሰብ አለበት። ሪቨርስ ኦስሞሲስ በተባለው ሌላ የማጣሪያ ዘዴ ሜምብሬኖች የተለመደው ፖሊአሚድ በናይትሮጅኑ ላይ ሃይድሮጅን ስላለው ክሎሪን ያንን ቦታ ያጠቃል፤ የፒፐራዚኑ ፖሊአሚድ ያ ሃይድሮጅን ስለሌለው የተሻለ ይቋቋማል፤ ፈጽሞ የማይነካ ግን አይደለም።

ለእኛ ገጠር ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ የተቃጠለ አጥንት ከሰልና በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ ፍሎራይድን የሚያወርደው የናልጎንዳ ዘዴ አሉ፣ ርካሽም ናቸው። ተቃውሞው ክብደት አለው። ናኖፊልትሬሽን ከሪቨርስ ኦስሞሲስ ባነሰ ግፊት ቢሠራም ፓምፕና መብራት ይፈልጋል፤ ፍሎራይድ የጠነከረበት ፍሳሽም ይተርፈዋል፣ ያ ፍሳሽ ከብት በሚጠጣበት ቦታ ሊፈስ አይገባም። ሆኖም ከሰሉ ሲጠግብ መታደስ ወይም መለወጥ አለበት፤ ያንን የሚከታተል ሰው በሌለበት ሕዝቡ ሳያውቅ ፍሎራይዱን መልሶ ይጠጣል። ናልጎንዳም ዝቃጭ ይተዋል፣ ልኩ በየጊዜው መስተካከል አለበት። ትንሽ ማኅበረሰብ በከሰሉ ቢጠቀም ያዋጣዋል እላለሁ፤ መብራትና ባለሙያ ያለው ከተማ ግን ሜምብሬኑን ከምርጫው ሊያወጣው አይገባም።

ስለዚህ የውሃ ቢሮም ሆነ የረድኤት ድርጅት በሻጩ ወረቀት ላይ የተጻፈውን የቀዳዳ መጠንና የማጣራት መቶኛ ብቻ አይቶ ውል አይፈርም። ያ ቁጥር የተገኘው አንድ ጨው ብቻ በተሟሟበት የቤተ ሙከራ ውሃ ሊሆን ይችላል። ገለፈቱ ከምን እንደተሠራ፣ በምን ዓይነት የአሲዳማነት ልክ (ፒኤች) አሉታዊ ሙል እንደሚይዝ፣ ክሎሪንን ምን ያህል እንደሚችል ይጠይቅ። ከዚያም ከመግዛቱ በፊት ሕዝቡ ከሚጠጣው ጉድጓድ ራሱ የተቀዳ ውሃ በሜምብሬኑ አልፎ ፍሎራይዱ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በታች መውረዱን ያስለካ።