ያልተቆጠረ ብስክሌት

መቀሌ ሮማናት አደባባይ ላይ የብስክሌት ነጂ ቦታ የአስፋልቱ ቀኝ ጠርዝ ነው። ባጃጅ ተሳፋሪ የሚያወርደውም፣ ሚኒባስ ቆሞ የሚጭነውም እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ከፊቱ ያለው ባጃጅ ድንገት ቀጥ ሲልበት ነጂው ወይ ፍሬን ይዞ ከኋላው ይቆማል፣ ወይ ወደ ግራ ወጥቶ ከአይሱዙ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ይህን ጠርዝ ከብስክሌት ላይ የወሰደ ውሳኔ የለም። ስብሰባ አልተጠራበትም፣ ደብዳቤ አልወጣበትም፣ ደግፎም ነቅፎም የተናገረ የለም፤ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ተሸራርፎ አለቀ እንጂ። እንዲህ ባለ ከተማ ሆኖ፣ በሌላው ዓለም የብስክሌት መስመር ይነሳ አይነሳ እየተባለ ፍርድ ቤት ድረስ መካሰሱን ሲሰሙት የጥጋብ ጠብ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከዚያ ጠብ ለመቀሌ የሚተርፍ ነገር አለ ባይ ነኝ። ነገሩ ቀለም ስለመቀባት አይደለም፤ መንገዱን ማን ምን ያህል እንደሚጠቀምበት ቆጥሮ ስለመያዝ ነው።

የቅርቡ ትልቅ ክርክር የካናዳዋ የቶሮንቶ ነው። የከተማዋ ብሉር ጎዳና በድልድይ ሸለቆውን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ሲዘልቅ ዳንፎርዝ ይባላል፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በብዛት የሚገኙበት ሰፈር ስለሆነ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም። በብሉር፣ በያንግና በዩኒቨርሲቲ ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር ያሠራው የከተማዋ ምክር ቤት ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ግን ቶሮንቶ ያለችበት የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት፣ በክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በዳግ ፎርድ መሪነት፣ መስመሮቹ እንዲነሱ የሚያዝ ሕግ አጸደቀ። ሕጉ ከዚህም አልፎ፣ ከእንግዲህ የመኪና መስመር የሚቀንስ የብስክሌት መስመር ያለ ክፍለ ግዛቱ ፈቃድ አይሠራም አለ። የተሰጠው ምክንያት የመኪና መጨናነቅ ነው። ብስክሌተኞቹ ከሰሱ፤ ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. የኦንታሪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መስመሮቹን ማንሳት በሕይወት የመኖርና የአካል ደኅንነት መብትን ይጥሳል ብሎ ፈረደላቸው። መንግሥት ይግባኝ ብሏል።

ከውጤቱ ይልቅ ፍርዱ የተገኘበት መንገድ ነው ልብ የሚባለው። ብዙዎች ከተማዋ በራሷ መንገድ የማዘዝ መብቷ የተከበረላት መስሏቸው ነበር። አይደለም። በካናዳ ሕግ ከተሞች ከክፍለ ግዛታቸው በታች ናቸው። የዚያው ክፍለ ግዛት መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ምርጫ ተጀምሮ እያለ የቶሮንቶን ምክር ቤት ከ47 ወንበር ወደ 25 ሲቀንሰው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ዓ.ም. 5 ለ4 በሆነ ድምፅ “ይችላል” ብሎ ወስኗል። ስለዚህ “መንገዱ የእኛ ነው” የሚለው ቃል ብቻውን መስመሮቹን አያድናቸውም ነበር። ያዳናቸው ወረቀት ነው። የአደጋ መዝገብና የትራፊክ ጥናት ነበረ፤ የመንግሥቱ የራሱ ባለሙያዎችም ማንሳቱ መጨናነቁን እንደማይቀንስ፣ አደጋውን ግን እንደሚያብስ አስቀድመው ጽፈው ነበር። ዳኛው የተመረኮዙት በዚህ ላይ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ሕጉ ላይ ላዩን ሲያዩት ለከተማ ነዋሪ የተሻለ ይመስላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574ም ፕላን ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው አስተያየት የሚሰጥበት መድረክ እንዲኖር ያዛል። ተግባሩ ግን ሌላ መልክ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ “መንገድ ለሰው” እየተባለ ጎዳናዎች ለሰዓታት ከመኪና ነፃ ሲደረጉ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት አገር አቀፍ ስትራቴጂ ይፋ ሲሆን፣ በመሬት ላይ የታየው የብስክሌት መስመር ጥቂት ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ተጀመረና መስመሩ በአንዴ ተዘረጋ፤ ወደ ክልል ከተሞችም ተዛመተ። እዚህ ላይ ለተቺዎቼ የምሰጠው ነጥብ አለ፤ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ስትራቴጂው ለዓመታት ያልሠራውን በወራት ሠርቷል። ችግሩ መስመሩ ባዶውን ሲታይና ባለመኪናው ማጉረምረም ሲጀምር ምን መልስ ይሰጣል የሚለው ነው። በፊት ስንት ብስክሌት ያልፍ ነበር፣ ዛሬስ ስንት ያልፋል፣ አደጋው ቀነሰ ወይ? በቁጥር የሚመልስ ከሌለ፣ ያሠራው እጅ ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ የሚይዘው አይኖርም።

የመቀሌ ጉዳይ ከዚህ የሚለየው ብስክሌቱ ከመስመሩ ቀድሞ መኖሩ ነው። ከተማዋ በኢትዮጵያ የብስክሌት ውድድር ውስጥ ሰፊ ቦታ አላት፤ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ የትግራይ ልጅ ነው። ስያሜው ራሱ፣ በትግርኛ “ብሽክለታ”፣ ከጣሊያኖቹ የቀረ ነው። የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂው ይፋ በሆነ በአምስተኛው ወር የትግራይ ጦርነት ተነሳ። ክልሉ በእገዳ ሥር በነበረበት ዘመን ነዳጅ ሲጠፋ፣ ባንክ ሲዘጋ፣ ባጃጁም ሚኒባሱም ሲቆም ከተማውን ያንቀሳቀሱት እግር፣ ጋሪና ብስክሌት ነበሩ። ያን ጊዜ ሮማናት ላይ በቀን ስንት ብስክሌት አለፈ? ቢቆጠር ኖሮ የትም አገር የማይገኝ ማስረጃ በሆነ ነበር። ነዳጁ ሲመለስ ባጃጁ ተመለሰ፤ የብስክሌቱ ጠርዝም አብሮ ጠፋ።

ተፈናቃዮች ትምህርት ቤት ውስጥ በሚኖሩበት ከተማ የብስክሌት መስመር ምን ቁም ነገር አለው የሚል ሰው ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በዚያው ጥያቄ ውስጥ አለ። ለታክሲ ሒሳብ የሌለው ሰው ወይ በእግሩ ይሄዳል፣ ወይ ያረጀ ብስክሌት ይነዳል። አስፋልት ሲሰፋ የሚጠቀመው ባለመኪናው ነው። የሱቅ ባለቤቶች ደግሞ ከደጃፋችን ላይ መኪና እንዳይቆም ከተከለከለ ገበያችን ይሞታል ይላሉ፤ የእነሱን ስጋት እንደ ስግብግብነት ማየት አይገባም። መንገዱን በተመለከተ ከተማው ራሱ ይወስን ባይ ነኝ፤ ይህን ስል እነዚህ ነጋዴዎች ድምፅ ብዛት አግኝተው መስመሩን ሊያስቀሩት እንደሚችሉ አውቃለሁ። ይሁን። ሆኖም ከደጃፋቸው ከሚገባው ደንበኛ ስንቱ በመኪና፣ ስንቱ በእግሩ እንደመጣ ተቆጥሮ ይወሰን። የባጃጅ ሾፌሮችም ባለጉዳይ ናቸው፤ መቆሚያ ሳይሰጣቸው ከጠርዙ ውጡ ማለት ግፍ ነው፤ ነገ ተመልሰው እዚያው መቆማቸውም አይቀርም። ቦታ ይጠባል ለሚለው ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ከተሞች የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ማኅበር ያሰላው ግምት አለ። 3 ሜትር ስፋት ባለው መስመር በሰዓት በግል መኪና የሚያልፈው ሰው ከ600 እስከ 1600 ሲሆን፣ ያው ስፋት ለደርሶ መልስ ብስክሌት ቢለይ ከ6500 በላይ ያሳልፋል። ይህ የመንገዱ አቅም እንጂ የሮማናት እውነት አይደለም፤ የሮማናትን እውነት የሚያውቀው ሮማናት ላይ የቆጠረ ነው።

ቆጠራው ደግሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ሁለት ተማሪዎች ወረቀት ይዘው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ እንደገና ከ11 እስከ 1 ሰዓት ማታ፣ በሥራ ቀንና በገበያ ቀን፣ በክረምትና በበጋ በአደባባዩ መግቢያዎች ይቁሙ። ብስክሌት፣ እግረኛ፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ የቤት መኪና፣ ጭነት መኪና እያሉ ይመዝግቡ። አንድ ዓምድ ግን እንዳይረሳ፤ አደባባዩ አስፈርቶት ከብስክሌቱ ወርዶ እየገፋ የሚሻገረው። እሱ ከእግረኛ ጋር ከተቆጠረ የችግሩ ዋና ማስረጃ ጠፋ ማለት ነው። ከትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መዝገብ ጋር ተያይዞ በየክፍለ ከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ክርክሩ ከዚያ ይጀመር። ውጤቱ ብስክሌት ጥቂት ነው፣ እየገፋ የሚያልፍም የለም ካለ እኔ ተሸነፍኩ። ያን ጊዜ ጠርዙ ለእግረኛው ይለቀቅ፤ ቆሞ ደንበኛ ከሚጠብቅ ባጃጅ እሱ ይቀድማል።