ዜድ አር ኤስ (የዲ ኤን ኤ ክፍል)

ዜድ አር ኤስ በፅንስ እጅና እግር ላይ ጣቶች በብዛታቸውና በቅደም ተከተላቸው እንዲወጡ የሚያደርገውን ዘረመል የሚያበራ አጭር የዲ ኤን ኤ ክፍል ነው። ራሱ የፕሮቲን መመሪያ የለውም። እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ ክፍል ኢንሃንሰር ይባላል።

የአንድ ሰው ህዋሳት የሚይዙት ዲ ኤን ኤ በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው። የአንጎልና የጣት ህዋስ የሚለያዩት የትኛው ዘረመል የትና መቼ እንደሚሠራ ስለሚለያይ ነው። ከሰው ዲ ኤን ኤ ውስጥ የፕሮቲን መመሪያ የሆነው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ አብዛኞቹ ኢንሃንሰሮች በቀሪው ውስጥ ይገኛሉ።

ዜድ አር ኤስ የሚቆጣጠረው ዘረመል ሶኒክ ሄጅሆግ ይባላል (ስሙ የተወሰደው ከታወቀው የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይ ነው)። ይህ ዘረመል በአንጎልና በህብለ ሰረሰርም ይሠራል፤ እዚያ የሚያበሩት ግን ሌሎች ኢንሃንሰሮች ናቸው። አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ክፍል ከተለያየ ቦታ በተለያየ ቅድመ ሁኔታ እንደሚጠራ ማለት ነው።

የሚያስገርመው ርቀቱ ነው። ዜድ አር ኤስ 800 ያህል የዲ ኤን ኤ ፊደላት ብቻ ይኑሩት እንጂ፣ በሰው 7ኛ ክሮሞሶም ላይ ከሚቆጣጠረው ዘረመል 1 ሚሊዮን ፊደላት ገደማ ርቆ፣ ያውም በሌላ ዘረመል ውስጥ ይገኛል። ዲ ኤን ኤው ሲተጣጠፍ ግን ሁለቱ ይቀራረባሉ። እጅ ገና እንደ ቡቃያ ሳለ፣ ትንሿ ጣት በምትወጣበት ጎን ባሉ ህዋሳት ውስጥ ሀንድ2ን የመሰሉ ፕሮቲኖች ዜድ አር ኤስ ላይ ይጣበቁና ሶኒክ ሄጅሆግ ይበራል።

በዚህ ክፍል አንድ ፊደል ብቻ ሲቀየር ዘረመሉ በአውራ ጣት በኩልም ሊበራ ይችላል። ያኔ በአውራ ጣት ጎን ትርፍ ጣት ይወጣል። የኤድንብራ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ይህን እ.ኤ.አ. በ2003 በሰው ላይ አሳይተዋል፤ በፍሎሪዳ ኪ ዌስት የሚገኙት የሄሚንግዌይ ድመቶች ትርፍ ጣትም ከዚሁ የመጣ ነው። በትንሿ ጣት ጎን የሚወጣውና በአፍሪካ በብዛት የሚታየው ስድስተኛ ጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ምክንያት ስላለው ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም።

ክፍሉ ጨርሶ ሲቆረጥስ? እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት ዜድ አር ኤስ የሌላቸው አይጦች እጅና እግራቸው ጎደሎ ሆኖ ተወልደዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የአይጥ ዜድ አር ኤስ በእባብ ተተካ፤ የአይጦቹም እግር ሳያድግ ቀረ። ከእባቡ ክፍል የጠፉት 17 ፊደላት ሲመለሱለት ግን እግር በቀለ።