ስንቁን ይዞ የሚጓዝ ፕሮግራም

ፕሮግራም ጽፎ መጨረስ አንድ ነገር ነው፤ ለሚገለገልበት ሰው ማድረስ ግን ሌላ ሥራ ነው። ይህንንም የተረዳሁት ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የውሰት መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም በጃቫ በጻፍሁ ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ በቀረበው በጃቫ የተጻፈ ፕሮግራም አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም የጃቫ ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው ነው። አስተርጓሚው ከሌለ ጃር የተባለው ፋይል ብቻውን አይሠራም። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ደግሞ ጃቫም ኢንተርኔትም የለውም።

መፍትሔው ጄፓኬጅ ነው። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ከጃቫ 16 ጀምሮ ተሟልቶ ይገኛል። የጃር ፋይሉንና አስተርጓሚውን በአንድነት ጠቅልሎ ለዊንዶውስ ኤምኤስአይ፣ ለማክ ዲኤምጂ፣ ለሊኑክስ ዴብ የተባለውን መጫኛ ያዘጋጃል። ነገር ግን የዊንዶውሱ በዊንዶውስ፣ የማኩም በማክ ላይ መሠራት አለበት። ጄሊንክ የተባለው መሣሪያ ደግሞ የማያስፈልጉትን የጃቫ ክፍሎች አስቀርቶ ሸክሙን ያቀልለታል።

ስንቁን የያዘ መንገደኛ በደረሰበት አይቸገርም። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መጫኛውን በፍላሽ ተቀብለው ቢጭኑት ይበቃል፤ ስለ ጃቫ አንዳች ማወቅ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ድካሙ በጸሐፊው ላይ እንጂ በተገልጋዩ ላይ አይሁን እላለሁ።